መስከረም ሲጠባ አስጠኚው እንዳይጠፋ

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጀመራል። ወጣቶች የአረጋውያንን ቤት ያድሳሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ደም ይለግሳሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። በዚህ የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ስደተኛ ታዳጊዎችም ቦታ ሊኖራቸው ይገባል፤ በተለይ በእንግሊዝኛው።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማና በኩርሙክ በኩል ከገቡት መካከል ሒሳብና ፊዚክስን በዐረብኛ ሲማሩ የነበሩ ልጆች አሉ። ከኤርትራ የተሰደዱ ተማሪዎች ግን በሀገራቸው ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስቦ ፊደል ማስቆጠርና ሰላምታ ማለማመድ የልጆቹን ጊዜ ማባከን ነው። የሚቸግራቸው የመማሪያ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው።

ከካርቱም የመጣ የ16 ዓመት ልጅ እናስብ። በኤክስ የተጻፈ ስሌት ቢሰጠው ወዲያው ይሠራዋል። ያው ስሌት «ሁለት ደብተርና አንድ የ20 ብር እስክርቢቶ በ140 ብር ተገዙ፤ የአንዱ ደብተር ዋጋ ስንት ነው?» ተብሎ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ግን እርሳሱን ያስቀምጣል። ጎበዝ አስጠኚ እዚህ ላይ መልሱን አይነግረውም። አጠገቡ ተቀምጦ ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያስነብበዋል፤ የተሰጠውን እንዲያሰምርበት፣ የተጠየቀውን እንዲከብበው ያደርጋል። ልጁ 60 ብር ብሎ ሲጽፍ ያገኘው የሒሳብም የእንግሊዝኛም ትምህርት ነው።

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ስደተኛውን ከዜጋው እኩል አድርጎታል። ከዚያ በላይ ያለውን በሀገሪቱ አቅም ወስኖታል። ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ የሚሆነውም እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው።

«የራሳችን ልጆች እያሉ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታዲያ ለምን አንድ ክፍል ውስጥ አብረው አይጠኑም? የሰፈሩ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሚያስፈልገው እገዛም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አስጠኚውም ያው ነው።

ከባዱ ነገር ቀጣይነቱ ነው። መስከረም ላይ አስጠኚው ወደ ግቢው ይመለሳል። አንድ ጊዜ ትምህርቱ በጦርነት የተቋረጠበትን ልጅ በሁለት ወር ተስፋ አሳድሮ መተው ይጎዳዋል። ስለዚህ ከተማሪው በጎ ፈቃደኛ ጎን ትምህርቱን የገፋ ስደተኛ ይመደብ። የጀርመን መንግሥት በዋናነት በሚደግፈው፣ በ1992 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የዳፊ ስኮላርሺፕ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተማሩ ስደተኞች አሉ። የልጆቹን ቋንቋ የሚያውቅ ሲገኝ ደግሞ ማስረዳቱ ይቀላል። የታክሲያቸውን ሒሳብ መሸፈን ብዙ ወጪ አይደለም። ክረምቱ ሲያልፍ እነዚህ ስደተኛ አስጠኚዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ይቀጥላሉ።

የዘንድሮው ምዝገባ ሲጀመር ቅጹ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፦ የትኛውን ትምህርት ያስጠናሉ? እስከ መቼስ ይቆያሉ?