31 ወይስ 40?

በእድራችን 60 አባላት አለን። በሣጥኑ ያለው ገንዘብ ለቀብር የተቀመጠ ነው። አንድ እሑድ ገሚሶቻችን፣ «በዚህ ገንዘብ ወፍጮ እንግዛ» አልን። ሌሎቻችን፣ «የለም፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥ» አልን። እጅ አወጣን። 31 ሰው ይገዛ አለ። 29 ሰው አይገዛ አለ።

31 ይበልጣል። ታዲያ ይገዛ?

የእድሩ ዳኛ፣ «እስቲ ቆዩ» አሉ። «29 ሰው ቅር ብሎት ቢወጣ ድንኳኑን ማን ይተክላል? መዋጮውንስ ማን ይሞላል?»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ደንባችንን ለወጥን። ሳህን ለመግዛት፣ የስብሰባ ቀን ለመቁረጥ፣ ከግማሽ በላይ ይበቃል። የሣጥኑን ገንዘብ ለሌላ ሥራ ለማዋል ወይም እድሩን ለማፍረስ ግን ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ መስማማት አለበት። እናስላው። 60ን ለ3 ስናካፍል 20 ነው። ሁለት ጊዜ 20፣ 40 ይሆናል።

ይህም ጉዳት አለው። 39 ሰው የፈለገውን 21 ሰው ሊያስቀረው ይችላል። ለሳህን ሁሉ 40 ሰው ብንጠብቅማ በባዶ እጅ እንቀር ነበር!

አገርም እንዲሁ ታደርጋለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለብዙው የምክር ቤት ውሳኔ የድምፅ ብልጫ ይበቃል ይላል። ራሱን ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ግን የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ክልሎችም ይጠየቃሉ።

ወፍጮው በአዲሱ ደንብ እንደገና ቀረበ። 36 እጅ ወጣ። 4 ጎደለ። ዛሬም እህላችንን በአህያ ጭነን ወንዝ ማዶ እናስፈጫለን። ወፍጮ ፈላጊዎቹ ግን ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። «ቢሰበር ማን ይጠግነዋል?» ለሚሉት መልስ ይዘዋል።