የጠገበ ሹም

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እሱ ከኛ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ቁጥር ያስተምር ነበር። እኔ ጠመኔውን ከጣልኩ ቆየሁ፤ እሱ አሁንም አልጣለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማኪያቷችንን ይዘን እንነታረካለን። ባለፈው ቅዳሜ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ለዚህች አገር የሚያስፈልጋት ጠግቦ የመጣ ሹም ነው። ኢንቨስትመንት ባንክ ውስጥ ያደገ፣ የገንዘብን ጠባይ የሚያውቅ፣ ከመንግሥት ደመወዝ ምንም የማይጠብቅ። የጠገበ አይሰርቅም!"

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች ነገሩ ለጆሮ ይጥማል። ተረቱ የተሠራው ተርቦ ለተሾመ ሰው ነው። ወዳጄ ደግሞ መድኃኒቱን አገኘሁ ባይ ነው፤ በልቶ የጨረሰ ሰው መሾም! የጠገበ አይሰርቅም የሚለውን እንኳ ለጊዜው እንተወው፤ ጠግቦ የሰረቀ ስንቱን አይተናል። እኔን ያስጨነቀኝ ያ አይደለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ አንዲት ሳንቲም የማይሰርቀው ሹም ነው።

ይህን ነገር አሜሪካኖች እኛ ሳናስበው ሞክረውታል፤ ስለዚህ እዚያው ሄደን እንየው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሄንሪ ፖልሰን ጎልድማን ሳክስ የገቡት በ1974 ነው። ጎልድማን ሳክስ የኔንና የናንተን ደመወዝ የሚያስቀምጥ ዓይነት ባንክ አልነበረም። መንግሥትና ኩባንያ ገንዘብ ሲፈልጉ ቦንዳቸውንና አክሲዮናቸውን ያሻሽጣል፣ ኩባንያዎች ሲዋሐዱ ያማክራል፣ በራሱም ገንዘብ ይነግዳል። ደላላም ነጋዴም ነው ብትሉት አልተሳሳታችሁም። ሰውዬው ከ1999 ጀምሮ የቤቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ፤ በ2006 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቡሽ የገንዘብ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። የጥቅም ግጭት እንዳይኖር አክሲዮንዎን ይሽጡ ተባሉ። ሸጡ። ግማሽ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ! ታዲያ በ1989 የወጣ አንድ ሕግ አለ፤ ለሹመት ሲል ንብረቱን እንዲሸጥ የተገደደ ሰው ገንዘቡን በመንግሥት ቦንድ ወይም በተፈቀደ ፈንድ ካስቀመጠው የትርፉ ግብር ይቆይለታል ይላል። እዚያ አገር ንጽሕናም የራሱ ጥቅማ ጥቅም አለው ማለት ነው። ይሁን፤ ሕጋዊ ነው፤ አልፈርድም።

ከዚያ 2008 መጣ። መስከረም አጋማሽ ላይ ሊማን ብራዘርስ የተባለው ኢንቨስትመንት ባንክ ከሰረ። በማግስቱ ኤአይጂ የተባለውን ግዙፍ የመድን ኩባንያ ለማዳን የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ 85 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ። ኤአይጂ ዴሪቬቲቭ በሚባሉ ውሎች "የቤት ብድሩ ቢበላሽ እኔ እከፍላለሁ" ብሎ ለባንኮች የዋስትና ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉ ሲደርስበት ግን ኪሱ ባዶ ነበር። መንግሥት ባዶውን ሞላለት። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ 12.9 ቢሊዮን ዶላር የደረሰው ለማን ነው ብትሉ፣ ለጎልድማን ሳክስ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገንዘቡን ያወጣው ማዕከላዊ ባንኩ ነው፤ ፖልሰን ለቀድሞ ቤታቸው ከረጢት አሸከሙ አላልኩም። ልብ የምላችሁ ሌላ ነገር ነው። ለኤአይጂ አዲስ መሪ ሆነው የተላኩት ኤድዋርድ ሊዲ ከጎልድማን ሳክስ የቦርድ አባልነት ተነስተው ነው የሄዱት። የኒውዮርኩ ማዕከላዊ ባንክ ቅርንጫፍ የቦርድ ሊቀመንበር ስቴፈን ፍሪድማን የጎልድማን የቀድሞ መሪ፣ በዚያን ጊዜም የቦርዱ አባል ነበሩ። ለባንኮች ማዳኛ የተመደበውን 700 ቢሊዮን ዶላር እንዲያስተዳድር የተሾመው ኒል ካሽካሪ የ35 ዓመት ወጣትና የጎልድማን ልጅ ነበር። ኋላ ኒውዮርክ ታይምስ የሚኒስትሩን የስልክና የቀጠሮ መዝገብ አስወጥቶ ሲያየው፣ ኤአይጂ በዳነበት ሳምንት ብቻ ፖልሰን ከጎልድማኑ አለቃ ጋር ሁለት ደርዘን ጊዜ ያህል ተደዋውለዋል።

ሃያ አራት ጊዜ! እኔ ከእናቴ ልጅ ጋር በዓመት ይህን ያህል አልደዋወልም።

"ታዲያ በእሳት ጊዜ ለማን ይደውል? ለሊስትሮ?" አለኝ ወዳጄ። "ገበያው ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በመሾሙ ነው የዳኑት።"

እውነት አለው። ግን ጭንቀቴም እዚያው ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ አንጻር ሳስተምር ተማሪዎቼ በቀላሉ የማይቀበሉኝ ነገር ነበር። ልብ ወለድን የሚተርከው ሰው እኛን ለማሳሳት ዋሾ መሆን የለበትም፤ የቆመበት ቦታ ብቻ ይበቃል። ሰገነት ላይ ቆሞ የሚተርክ ሰው ከታች ካለው ጠላ ቤት ጫጫታ ይሰማል እንጂ ማን ማንን ምን እንዳለው አይሰማም። ከዚያ ቅን ልቦናውን ይዞ "ሰዎቹ ይንጫጫሉ" ብሎ ይጽፋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ሰገነት ላይ የቆመ ሰው ሚኒስትር ቢሆን ሰገነቱን አክሲዮን አይደለ አይሸጠው።

ፖልሰን በመስከረም 2008 ለኮንግረስ የላኩት ረቂቅ ሦስት ገጽ ብቻ ነበር። ሦስት ገጽ፣ 700 ቢሊዮን ዶላር! ሚኒስትሩ የሚወስኑትን ፍርድ ቤትም ሆነ ሌላ የአስተዳደር አካል እንዳይመረምረው የሚል አንቀጽም ነበረበት። ኮንግረሱ ያንን አልተቀበለም፤ አንድ ጊዜም ድምፅ ነስቶ ጣለው፤ ተሻሽሎ በጥቅምት መጀመሪያ ጸደቀ። የተባለው የተበላሹ የቤት ብድሮችን ለመግዛት ነው፤ ባለ ቤቱም አብሮ ይተነፍሳል ተብሎ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዘጠኝ የባንክ አለቆች ዋሽንግተን ተጠርተው አንዳንድ ገጽ ወረቀት ተሰጣቸውና 125 ቢሊዮን ዶላር ተመደበላቸው፤ ከዚያ ውስጥ 10ሩ የጎልድማን። በኅዳር ደግሞ ሚኒስትሩ ብድሮቹን የመግዛቱን ሐሳብ ትተነዋል አሉ።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ባሏ ታክሲ ይነዳል፤ እሷ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ነበረች። በ2005 ቤት ገዙ። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን አካባቢ ቤት ያልገዛ ሐበሻ እንደ ሰነፍ ይታይ ነበር። ብድሩ ለሁለት ዓመት ወለዱ ዝቅ ያለ፣ ከዚያ የሚዘል ዓይነት ነበር፤ አሻሻጩ "ከመዝለሉ በፊት እንለውጥልሻለን" ብሏታል። በ2007 ዘለለ። ቤቱም ዋጋው ወድቆ ነበርና የሚለውጥ ጠፋ። ባሏ ሌሊትም መንዳት ጀመረ። አልሆነም፤ በ2009 ቤቱ ሄደ። ሚሊዮኖች የሄዱበትን መንገድ ነው የሄዱት። ሕፃን ልጇ አዲሱ አፓርታማ ውስጥ "እንግዳ ቤት እስከ መቼ ነው የምንቆየው?" እያለች ትጠይቃት እንደነበር ነግራኛለች።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ ትንሽ ዝም አለና "ለባንኮቹ የተሰጠው ገንዘብ እኮ ከነትርፉ ለመንግሥት ተመልሷል" አለኝ። ተመልሷል፤ አልክድም። ቤቱ ግን አልተመለሰም። በሒሳብ መዝገቡ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ነው።

አንድ ሰው ላይ ብቻ የዘመትኩ እንዳይመስል ከሳቸው በፊት የነበሩትን ልጨምር። ሮበርት ሩቢን 26 ዓመት ጎልድማን ሠርተው፣ የቤቱ ተባባሪ ሊቀመንበር ሆነው፣ በ1993 ከክሊንተን ጋር ዋይት ሐውስ ገቡ፤ ከ1995 እስከ 1999 የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። ባለሙያ፣ ጨዋ፣ ትሑት ሰው ናቸው ይባላል። በ1998 ብሩክስሊ ቦርን የተባሉ ሴት የሕግ ባለሙያ፣ የአንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው፣ "እነዚህ ከገበያ ውጪ የሚሸጡ ዴሪቬቲቮች ቁጥጥር ያስፈልጋቸው እንደሆነ እንመርምር" የሚል የውይይት ሰነድ አወጡ። ሕግ እንኳ አይደለም፤ ጥያቄ ነው! በዚያው ቀን ሩቢን፣ የማዕከላዊ ባንኩ ግሪንስፓንና የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ሌቪት ሆነው የተቃውሞ መግለጫ አወጡ። ሴትየዋ በዓመቱ ሄዱ፤ በ2000 ገበያው ከቁጥጥር ውጪ የሚሆንበት ሕግ ወጣ። ከስምንት ዓመት በኋላ ኤአይጂን የገደለው ያው ዓይነት ውል ነው።

ሩቢን ያን ያደረጉት ጉቦ በልተው ነው? በጭራሽ። ቦርን ያየችውን ገደል እሳቸው ከቆሙበት ሆነው ሲያዩት ሜዳ ነው። ከሥልጣን በወረዱ በወራት ውስጥ ሲቲግሩፕ ገቡ፤ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ115 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኙ። ሲቲግሩፕ በ2008 ሊወድቅ ሲል መንግሥት 45 ቢሊዮን ዶላር ሰጥቶ አቆመው። ስለዚህ ተረታችን ዎል ስትሪት ላይ አይሠራም። እዚያ ያልበላ አይቆጨውም፤ ሲሻር ይበላልና።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል ሁለት ነገር ልመን። አንደኛ፣ ከጎልድማን የመጣ ሁሉ አንድ አይደለም። ጋሪ ጌንስለር የጎልድማን ሸሪክ ነበሩ፤ በሩቢን ዘመን ገንዘብ ሚኒስቴር ገብተው ያን የ2000 ሕግ ደግፈዋል። በ2009 ግን ቦርን ወንበር ላይ ተቀመጡና ባንኮቹ የሚፈሯቸው ተቆጣጣሪ ሆኑ። ሰገነቱን የሚያውቅ ሰው ሲወርድ ደረጃዎቹን ሁሉ ይቆጥራል። ሁለተኛ፣ ፖልሰንን የተኩት ጋይትነር ኢንቨስትመንት ባንክ ሠርተው አያውቁም። ባለ ቤቶችን ለመርዳት የተነደፈው ዕቅዳቸው ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ቤተሰብ ይደርሳል ተብሎ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው የደረሰው። አንጻር እንደ ጉንፋን ይጋባል፤ አብሮ መዋል ይበቃል።

"እሺ፣ እኛ ጋ ምን አገባን?" አለ ወዳጄ። "እኛ ያስቸገረን ባንከር ሳይሆን ከባንክ ደብተር ጋር ተያይቶ የማያውቅ ካድሬ ነው።"

ይህንንም አልከራከረውም። ግን ዘመኑ እየተለወጠ ነው። ብራችን በሐምሌ 2024 በገበያ እንድትተመን ተለቀቀች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓርላማው ለውጭ ባንኮች በሩን ከፈተ፤ በ2025 መባቻ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሥራ ጀመረ። ኢንቨስትመንት ባንክ ማለት ለኛም የፈረንጅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። ለነገሩ ቀድሞም ደርሶብናል፤ በ2014 መንግሥታችን በ6.625 በመቶ ወለድ 1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ ሲሸጥ ያሻሻጡት የውጭ ኢንቨስትመንት ባንኮች ናቸው። በታኅሣሥ 2023 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ስንቀር አሻሻጮቹ ሒሳባቸውን ከተቀበሉ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። ከነዚህ ቤቶች ያደጉ ልጆች፣ የራሳችን ልጆችም፣ አንድ ቀን ሚኒስትር ሆነው ይመጣሉ። ይምጡ። እኔ የምለው ሲመጡ "ንጹሕ ነህ?" ብለን ብቻ አንልቀቃቸው ነው። የስልካቸው መዝገብ ለሕዝብ ይከፈት። ሲወርዱ የት እንደሚገቡ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆዩ አስቀድሞ ይጻፍ። ከጠረጴዛው ማዶ ደግሞ እንደ ቦርን ያለች፣ ገበያው የማያውቃትና እሷም ገበያውን የማትፈራ ሰው ትቀመጥ፤ ስትናገርም መግለጫ አይውጣባት።

"ይህን ሁሉ ከጠየቅከው ማን ባንከር ይመጣልሃል?" አለኝ። ሒሳቡን ከፈለና ተለያየን።

ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። ሃያ አራቱን ስልክ ስነግራት ሳቀች። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ከዚያ በላይ ደውያለሁ" አለች። ባንኳ ጋ ስትደውል ማሽን ነበር የሚያነሳው፤ "ጥሪዎ ለኛ ከፍተኛ ዋጋ አለው" ይልና ሙዚቃ ይከፍታል። አንድ ቀን ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይሆነኛል ብላ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስንት ደቂቃ እንደጠበቀች በልጅዋ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። ደብተሩ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኋት። አልጣለችውም፤ ከፓስፖርቶቹ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው።