አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ይቆዩልን



ዘንድሮ የወላጆች ኮሚቴን ካከራከሩት ጉዳዮች አንዱ ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለው ዕቃ ቤት ጨርቅ ለብሰው የተቀመጡት አሥራ ስድስት ኮምፒዩተሮች ናቸው። ብዙዎች «ይሸጡና ገንዘቡ ለአዲስ መግዣ ይሁን» አሉ። እኔ ይቆዩ ባይ ነኝ። በስብሰባው ላይ ምክንያቴን በቅጡ ስላላስረዳሁ እዚህ ልጻፈው።

ይሸጡ ያሉት ወላጆች ያነሱት ነጥብ እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የእኛዎቹ ደግሞ ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል ዕድሜያቸው አይፈቅድም። ቦታ ይይዛሉ፤ አቧራም ይሰበስባሉ። ከፍ ላሉት ክፍሎች አዳዲስ ማሽን እንደሚያስፈልግም አልክድም።

ነገር ግን ዋጋቸውን እንይ። ሁለት ነጋዴዎች መጥተው አይተዋቸዋል። ለአሥራ ስድስቱ ያቀረቡት ገንዘብ ሁለት አዲስ ላፕቶፕ አይገዛም። አሥራ ስድስት ልጅ የሚያስቀምጠውን ሰጥተን ሁለት ልጅ የሚያስቀምጥ ልንገዛ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እዚህ ናይሮቢ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን አማርኛ ይናገራሉ፤ ያነባሉም። በስልክ ሲጻጻፉ ግን አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት። በዚህ መጽሔት ላይ የምታነቧቸውን አብዛኞቹን የተማሪ ጽሑፎች ልጆቹ በእጃቸው ጽፈው አመጡ፤ የተየቡላቸው መምህራን ናቸው። ፊደላችንን በኪቦርድ መጻፍ የማይችል ትውልድ ቀስ በቀስ በፊደሉ መጻፉን ይተወዋል ብዬ እሰጋለሁ።

ፊደል ለመተየብ ደግሞ ፈጣን ማሽን አያስፈልግም። በነጻ የሚገኘው ሊኑክስ ቢጫንባቸው የአማርኛ ኪቦርድም አብሮ ይገኛል። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ አሥሩ ለአማርኛ ትየባ ይሁኑ። ሁለቱ በቤተ መጻሕፍቱ ይቀመጡና ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ዊኪፒዲያ ይነበብባቸው። ሁለቱን ተማሪዎች ፈትተው ይግጠሟቸው፤ ሜሞሪ የቱ፣ ሃርድ ዲስክ የቱ እንደሆነ በእጃቸው ይዩት። የማይነሱትን ሁለቱን ፈቃድ ላለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሰብሳቢ እናስረክብ። በአሮጌ ስክሪኖች ውስጥ እርሳስ ወይም ሜርኩሪ ስለሚኖር ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣሉም፤ አይቃጠሉምም።

አንድ ጥፋቴንም ልናገር። ከዓመታት በፊት አምስት ኮምፒዩተሮች ስንሸጥ ፋይሎቹን ከስክሪኑ ላይ ሰርዘን የጠፉ መስሎን ነበር። ከሳምንት በኋላ ገዢው ደውሎ «የተማሪዎች ውጤትና የወላጆች ስልክ ቁጥር አግኝቻለሁ፤ ምን ላድርገው?» አለኝ። ቅን ሰው ስለነበር ዲስኮቹን መለሰልን። በሽያጩ ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነበር። ስለዚህ የምናስረክባቸውም ሆኑ ወደፊት የምንሸጣቸው ሁሉ ዲስካቸው በሚገባ ሳይጸዳ ከግቢ አይወጡም። እናንተም ቤታችሁ ያለውን ስትሸጡ ይህን አትርሱ።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰው ግን ይጠይቃል። ጥገና የምታውቁ ወላጆች ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስጡን። ተማሪዎች ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ለአያቶቻችሁ ደብዳቤ አድርጉት፤ አገር ቤት ያሉ አያት በፊደል የተጻፈ የልጅ ልጅ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ምን እንደሚሰማቸው እናንተው ትነግሩኛላችሁ።

የምጠይቀው አንድ ዓመት ነው። የሚቀጥለው መጽሔት የተማሪ ጽሑፎች በራሳቸው በተማሪዎቹ ካልተተየቡ፣ ነጋዴዎቹን የምጠራው እኔው ራሴ ነኝ። እስከዚያው ግን ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልምና በእጃችን ባለው እንጀምር።