የሌሊት ወፍን መጨፍጨፍ ከማርበርግ አያድንም

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሰቱን ካረጋገጠ ወዲህ የሌሊት ወፍ ስሟ ከሞት ጋር ተያይዟል። ከጂንካ ርቆ በሚገኘው የአርሲ ቆላ፣ በኦጎልቾ አካባቢም ቢሆን፣ ጣሪያ ሥር ወይም ግራር ላይ የተንጠለጠለችን የሌሊት ወፍ በዱላና በጭስ ማሳደድ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። ጥንቃቄ ግን አይደለም።

አንደኛ፣ የሌሊት ወፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የማርበርግ ቫይረስ ተሸካሚነቷ የተረጋገጠው በዋሻና በማዕድን ጉድጓድ በሺዎች ሆና የምትኖረው፣ ፍራፍሬ በሏ የግብፅ የሌሊት ወፍ ናት። የደረቅ ቆላና የበረሃ የሌሊት ወፎች አብዛኞቹ የሚበሉት ነፍሳትን ነው። ባለ ቢጫ ክንፏ የምሥራቅ አፍሪካ የሌሊት ወፍ ለምሳሌ ዋሻም አትፈልግ፤ ቀን ከጥንዷ ጋር ግራር ላይ ትውላለች፣ ሲመሽ ከቅርንጫፍ እየተነሳች ነፍሳት ታድናለች።

ሁለተኛ፣ ጭፍጨፋው በበሽታው ተሸካሚ ላይ እንኳ አልሠራም። በኡጋንዳ ኪታካ ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2007 ሠራተኞች በማርበርግ ከታመሙ በኋላ የሌሊት ወፎቹ ተጨፈጨፉ። ቆይተው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲመረመሩ ቫይረሱ የተገኘባቸው ድርሻ ከ5 በመቶ ወደ 13 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር።

ሦስተኛው ጉዳይ የገበሬው ነው። በተረቱ የሌሊት ወፍ ከወፍም ከአይጥም ሳትሆን ከግብር አምልጣለች። ማሳ ላይ ግን በየሌሊቱ ትገብራለች። በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው መጤ ተምች እናቱ በሌሊት የምትበር የእሳት ራት ናት፤ የእሳት ራት ደግሞ የብዙ የሌሊት ወፎች ቀለብ ነው። በአሜሪካ የሌሊት ወፎች በፈንገስ በሽታ ባለቁባቸው ወረዳዎች ገበሬዎች የፀረ ተባይ አጠቃቀማቸውን 31 በመቶ ያህል መጨመራቸውን፣ የሕፃናት ሞትም በ8 በመቶ ያህል ማደጉን እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያመርት፣ ለመድኃኒት ርጭትም ብዙ ለሚያወጣ ገበሬ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ጣሪያው ውስጥ ለሰፈሩበት ሰው ሽታውና ኩሱ ቀላል አይደለም፤ አቤቱታው ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን እሳት አይደለም፤ ግልገል በሌለበት ወቅት፣ ማታ ወጥተው ሲያልቁ ቀዳዳውን መድፈን ነው።

ስለዚህ የጤናና የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለአርሲ ቆላ ነዋሪ አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጡ ይገባል፦ የትኛዋንም የሌሊት ወፍ በእጅ አትንኩ፤ የሚኖሩበት ዋሻ አትግቡ፤ የተነከሰ ፍራፍሬ አትብሉ፤ የነከሰችው ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከዚህ ጋር ደግሞ፦ አትግደሏቸው፤ ለከሰል የሚቆረጠው ትልቁ ግራርም ይቁም። በሽታን መፍራትና የማሳን ጠባቂ መጠበቅ አይጋጩም።