«ግልጽ ነው» የምትባል በሽታ

የሒሳብ ትምህርት ክፍል ገብቶ የወጣ ሁሉ ያውቃታል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ በነጠብጣብ ክብ ይስላል፣ ውስጡን በጠመኔ ጫር ጫር ያደርጋል፣ «ይሄ ክፍት ስብስብ ነው» ይላል። ለምን ሲባል? «ከሥዕሉ ግልጽ ነው!» እኛም ነጠብጣቧን ደብተራችን ላይ ገልብጠን ለፈተና ሽምደዳ።

እኔ የምለው፣ ግልጽ ከሆነ ማረጋገጡ ምን ይከብዳል? ክፍት ማለት እያንዳንዱ የስብስቡ ነጥብ በዙሪያው፣ የቱንም ያህል ትንሽ ትሁን፣ ከስብስቡ የማትወጣ ክብ አለችው ማለት ነው። የትልቁ ክብ ራዲየስ 1 ይሁን። ነጥቡ ከማዕከሉ 0.9 ቢርቅ 0.1 ይተርፈዋል። ከነጥቡ ከ0.1 ባነሰ የሚርቅ ሁሉ ከማዕከሉ የሚርቀው ከ1 ያነሰ ነው፤ ዞሮ መሄድ ከቀጥታው መንገድ አያጥርምና። 0.999 ቢርቅ 0.001 ይተርፋል። አለቀ። ነጠብጣብ አላስፈለገም። ይሄው ማረጋገጫ ማንም ሊስለው በማይችል 17 ልኬት ባለው ጠፈር ውስጥም ይሠራል።

ስሞቹም ያሳስቱናል። ክፍትና ዝግ ሲባል በር ይመስለናል። ከ0 እስከ 1 ካሉት ቁጥሮች 0ን አስወጥተን 1ን ብናስቀር ክፍትም አይደለም፣ ዝግም አይደለም። መላው የቁጥር መስመር ደግሞ ሁለቱንም ነው። «ክፍት ስላልሆነ ዝግ ነው» ብሎ ጽፎ ሙሉ ማርክ የወሰደ የክፍል ጓደኛ ነበረኝ። ስሙን ይቅርታ፣ አልናገርም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይሄኛው ነው። «ቁጥራቸው የተወሰነ ክፍት ስብስቦች የጋራ ክፍል ክፍት ነው» የሚለውን ሸምዳጅ ሲጽፍ «ቁጥራቸው የተወሰነ» የምትለዋን ይጥላታል። ምን ያድርግ፣ ጌጥ መስላዋለች! ማረጋገጫውን የሠራ ሰው አይጥላትም። ከየስብስቡ የተገኙትን ራዲየሶች ይዞ ትንሿን ይመርጣላ! ማለቂያ ከሌላቸው ግን ትንሿ ላትኖር ትችላለች። ከ-1 እስከ 1፣ ከ-½ እስከ ½፣ ከ-⅓ እስከ ⅓ (ጫፎቹ ሳይገቡ) እያልን ብንቀጥል ለሁሉም የጋራ ሆኖ የሚቀረው 0 ብቻ ነው። እሱ ብቻውን ደግሞ ክፍት አይደለም።

«ለጀማሪ ሥዕል ይበቃል» የሚሉኝ አሉ። ሥዕል አልጠላም፣ እኔም እስላለሁ። ግን ራሱን የማያቋርጥ ዝግ መስመር ሜዳውን ውስጥና ውጭ ብሎ ለሁለት እንደሚከፍል በግ የሚጠብቅ ልጅም ያውቃል፤ ዮርዳን በ1887 (እንደ ፈረንጆች) ማረጋገጫ ሲያቀርብ ግን ብዙዎች ጎደሎ ነው አሉት፣ ቬብለንም በ1905 ሌላ አመጣ። ዮርዳን ተበድሏል፣ ማረጋገጫው ደህና ነበር ብለው የሚሟገቱለትም አሉ። በ1890 ደግሞ ፔአኖ አንድ ካሬ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ የሚነካ ያልተቋረጠ መስመር አሳየ። ይሄንን የትኛው ጠመኔ ይስለዋል?

ለመጪው ፈተና አንድ ጥያቄ በነፃ ላዋጣ፦ 1፣ ½፣ ⅓፣ ¼ እያሉ ያለ ማለቂያ የሚወርዱት ቁጥሮች ስብስብ ክፍት ነው? ዝግ ነው? 0ን ብንጨምርበትስ? ከነምክንያቱ ይመለስ። ሥዕል ብቻውን ማርክ የለውም።