የጁፒተር መብረቅና የእስቴ እረኛ

«ጁፒተር ላይ ቢበርቅ ባይበርቅ ለእስቴ ገበሬ ምኑ ነው?» የሚል ጥያቄ በመካከላችን አዘውትሮ ይሰማል። ጠያቂዎቹ ቅኖች ናቸው፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መልሱን «ምንም» ብለው አስቀድመው ስለሚዘጉት አሳባቸውን ልቃወም ተነሥቻለሁ።

ክረምት ሲገባ ከመካነ ኢየሱስ በላይ የጉና ተራራ ደመና ይሸከማል። በደመናው ውስጥ ጥቃቅን የበረዶ ብናኞችና ከበድ ያሉ የበረዶ ጠጠሮች በነፋስ እየተገፉ ሲጋጩ ኤሌክትሪክ ይከፋፈላሉ፤ ቀላሎቹ ፖዚቲቩን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከባዶቹ ኔጋቲቩን ይዘው ከታች ይቀራሉ። መብረቅ የሚወለደው ከዚህ ነው። ጁፒተርም ላይ የውሃ ደመና አለ፤ ሥራውም በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚያ አሞንያ ከውሃው ጋር እየተቀላቀለ፣ በጣም በቀዘቀዘው ከፍታ እንኳ ሳይረጋ መብረቅ እንዲፈጠር መርዳቱ ነው።

ቮየጀር 1 የተባለችው መንኰራኵር በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የጁፒተርን መብረቅ አረጋገጠች። ከ2016 ጀምሮ የምትዞረው ጁኖ ደግሞ ከደመናው እጅግ ከፍ ብለው የታዩ 11 ብልጭታዎችን መመዝገቧ በ2020 ተነገረ። የእያንዳንዱ ዕድሜ በአማካይ 1.4 ሺሕኛ ሴኮንድ ነው! በምድራችን ከነጐድጓድ ደመና በላይ የሚታየው ቀይ ብልጭታ በፎቶግራፍ የተያዘው ገና በ1989 ነበር፤ የጁፒተሮቹም የዚህ ዘመድ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል።

ጁኖ መብረቁን የምትሰማው በራዲዮ ነው። ይህ እንግዳ ነገር ነውን? በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ የከፈተ የጋይንት ሰው ሁሉ ዝናም ሲቃረብ «ጨር ጨር» የሚለውን ያውቀዋል። ያው ድምፅ ነው። ራዲዮ፣ ሰዓትና ደብተር ያለው የስማዳ ተማሪ ያን እየቈጠረ ቢጽፍ ከሳይንስ ደጅ ገባ ማለት ነው። የሚጽፈውም ዋጋ አለው፤ በ2007 ኮሊን ፕራይስና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት የምሥራቅ አፍሪካ መብረቅ ከአትላንቲክ አውሎ ነፋሶች ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይተዋልና።

አሁን ወደ እረኛው እንምጣ። ከብልጭታው እስከ ነጐድጓዱ ያለው ጊዜ በየሦስቱ ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ማን ነገረው? ሠላሳ ሳይቈጥር ከጮኸ መብረቁ ሊደርስበት እንደሚችል፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መጠጋት ሞትን መጥራት እንደ ሆነ፣ የሣር ጎጆም እንደማያድን ማን አስረዳው? ቆርቆሮ ክዳን ባለው ትምህርት ቤት ላይ እስከ መሬት የሚወርድ የመዳብ ዘንግ መትከልስ ከፍራንክሊን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነገር አይደለምን? እኛ እኮ ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንተን፣ ተፈትነን፣ ረስተነዋል።

ስለዚህ ማኅበራችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይህ መጽሔት በሚባዛበት መኪና አንዲት ገጽ በአማርኛ ትባዛ፤ ለዕረፍት ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የምንሄደው ይዘናት እንሂድ፤ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ እናንብባት። የፊዚክስ አስተማሪዎቻችን ጽሑፏን ቢያርሙልን ሰኔ ሳይገባ ትደርሳለች።