የከተማ ፎቅ ከምን ተሠራ?

ፎቅ ሲባል ብዙዎቻችሁ ድንጋይና ሲሚንቶ ብቻ ይመስላችኋል። የአዲስ አበባ የጥንት ፎቆች ግን እናንተ ቤት በምትሠሩበት ዕቃ የተሠሩ ናቸው። ጭቃ አለ። ጭድ አለ። ቋሚና ማገር አለ። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አብዛኛው ቤት ክብ ነበር፤ ክዳኑም ሣር ነው። ኋላ የሕንድና የአርመን ግንበኞችና አናጢዎች መጡ። ከአገራችን ሠራተኞች ጋር ሆነው ቤቱን አራት ማዕዘን አደረጉት። በላዩም ሌላ ቤት ደረቡበት። ምድር ቤቱን በድንጋይና በጭቃ ገነቡ። ላይኛውን ግን እንዳይከብድ በእንጨት አቁመው በጭቃ መረጉት። ጣራውን ቆርቆሮ አለበሱት። ቆርቆሮው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ዕቃው ከባቡሩ ማብቂያ ወዲህ በጋማ ከብትና በግመል ተጭኖ ይመጣ ነበር።

ቤቱን ዙሪያውን በረንዳ ይከበዋል። በረንዳ ለጌጥ ብቻ አይምሰላችሁ። የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዝናብ ነው። ጣራው ከግድግዳው ወጣ ብሎ በቋሚ ላይ ሲያርፍ ዝናቡ ግድግዳውን አይመታውም። ከሥሩ ሰው ይቀመጣል። ደረጃውም ብዙ ጊዜ ከውጭ፣ በዚያው በበረንዳው በኩል ይወጣል። በጣራው ክፈፍ ላይ ደግሞ አናጢው ጣውላውን እንደ ጥልፍ እየፈለፈለ ይሰቅልበታል። ይኼኛው እንኳ ለጌጥ ነው። እኔ በበኩሌ ከቤቱ ሁሉ እሱን እወዳለሁ።

ከጥንቶቹ ቤቶች ስሙ የታወቀው ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል ነው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሲሆን ሥራ የጀመረው በ1900 ዓ.ም. ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ይኸው ነው። ሆቴል ማለት መንገደኛ ገንዘብ ከፍሎ የሚያድርበትና የሚመገብበት ቤት ነው። ይህ ነገር ያኔ ለሰው ግራ ነበር። «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ያለን ሰው ማን ዋጋ ይጠይቀዋል? እህል በገንዘብ መብላት ነውር ስለነበር መጀመሪያ ገበያ አልነበረውም ይባላል። አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተው አስለመዱ እየተባለም ይነገራል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። የአንድ ባለጸጋ በነበረው ቤት ብዙ ቤተሰብ ገባበት። ቤት ያልነበረው ቤት አገኘ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ኪራዩ ትንሽ ነው። አሸንዳው ሲቀደድ፣ ቆርቆሮው ሲበሳ ማን ያድሰው? ተከራዩ «የመንግሥት ነው» ይላል፤ ቀበሌው «ገንዘብ የለም» ይላል። ልጆች ሲበዙ በረንዳው ተጋርዶ ክፍል ሆነ። ውኃ ከላይ ሲገባ ማገሩ ይበሰብሳል። ግድግዳው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያልቃል። ምስጥም ያግዘዋል።

እንጨት ነውና እሳትም አለ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ ደርሶበት አንድ ክፍሉ ወደመ።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንገድ ለማስፋትና ከተማዋን ለማደስ ተብሎ በፒያሳ ብዙ የጥንት ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪዎቹ ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወሩ። በእርግጥ በአንድ መጸዳጃ ብዙ ቤተሰብ ሲጠቀም ለኖረ ሰው የራሱ መጸዳጃ ያለው ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤቱንና ገበያውን ማጣቱም እንደዚያው ትልቅ ነው። «ጭቃ ነው፣ አርጅቷል» የሚባለው ምክንያት ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ቤትም የጥንት ቤት ነው። እሱ ሙዚየም፣ ማለትም የጥንት ዕቃ ማሳያ ስለሆነ የሚጠብቀው ሰው አገኘ። እዚያ የሚደርስ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ጣራው ከግድግዳው ስንት እርምጃ እንደሚወጣ ይለካው።